ልጅቷን በመክፈቻው ላይ ገደሏት

መጥፎ ፊልም ማንንም ሠላሳ ዓመት አያናድድም። ሰው የመግቢያውን ያጣል፣ ሁለት ሰዓቱን ያጣል፣ ለጓደኞቹ «እንዳታዩት» ይላል፣ ከዚያ ይረሳዋል። «ኤሊየን 3» ግን አልተረሳም። የወጣው በ1992 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ዛሬም ስሙ ሲነሳ ደሙ የሚፈላ ሰው አይጠፋም። ያኔ ያልተወለዱ ልጆች ሳይቀሩ ይበሳጩበታል።

ለምን? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «ፊልሙ አይረባም»። እኔ አልስማማም። እንዲያውም ከጅምሩ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ኤሊየን 3ን እወደዋለሁ። ጨለማውን፣ ዝገቱን፣ የኤልየት ጎልደንታልን ሙዚቃ፣ ጸጉሯን የተላጨችውን ሲጎርኒ ዊቨርን እወዳለሁ። የተናደዱት ሰዎችም ግን እውነት አላቸው። ሦስተኛው ፊልም ቀድሞት የመጣውን፣ እነሱ የሚወዱትን ሁለተኛውን ፊልም ነክቶባቸዋል። ንዴቱ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ላላየ ሰው ታሪኩን ባጭሩ ልንገር። በ1979 ሪድሊ ስኮት «ኤሊየን»ን ሠራ። ኖስትሮሞ የምትባል የጭነት መንኮራኩር፣ ሰባት ሠራተኞች፣ አንድ ጭራቅ። ሁሉም ያልቃሉ። የሚተርፉት ሲጎርኒ ዊቨር የምትጫወታት ሪፕሊና አንድ ድመት ናቸው። ከሰባት ዓመት በኋላ ጄምስ ካሜሮን «ኤሊየንስ»ን ይዞ መጣ። ሪፕሊ በማምለጫ መንኮራኩሯ ውስጥ እንደተኛች 57 ዓመት በጠፈር ተንሳፍፋ ቆይታ ትገኛለች። ኋላ ላይ በወጣው ረዘም ያለ ቅጂ ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ። ሪፕሊ መሬት ላይ ትታት የሄደች ልጅ ነበረቻት። ለ11ኛ ዓመት ልደትሽ እደርሳለሁ ብላት ነበር። አሁን ፎቶ ይሰጧታል። ፎቶው ላይ ያለችው አሮጊት ናት። ልጇ በ66 ዓመቷ ሞታለች።

ይህ ትዕይንት ሲኒማ ቤት በታየው ቅጂ ውስጥ አልነበረም። ግን እሱን ካያችሁ በኋላ ቀሪው ፊልም ሌላ ይሆናል። ሪፕሊ ወደዚያ ወደተረገመ ፕላኔት ትመለሳለች። ሰፋሪዎቹ አልቀዋል። የቀረችው አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ ናት። ኒውት ትባላለች፤ በአየር ማስተላለፊያ ቱቦዎች ውስጥ እየተሽሎከለከች ነፍሷን ያተረፈች ልጅ ናት። መጀመሪያ አትናገርም። ቀስ በቀስ ትናገራለች። ሪፕሊ ጥዬሽ አልሄድም ብላ ቃል ትገባላታለች።

የፊልሙ ማብቂያ በሙሉ ያንን ቃል መጠበቅ ነው። ልጅቷን ጭራቆቹ ይወስዷታል። ቦታው ሊፈነዳ ደቂቃዎች ቀርተውታል። ማንም ጤነኛ ሰው ቢሆን ይሄዳል። ሪፕሊ ግን ሁለት መሣሪያ በፕላስተር አንድ ላይ አስራ ወደ ጎሬው ትወርዳለች። ታመጣታለችም። ሁሉ ነገር ሲያልቅ ልጅቷ «እማዬ» ብላ ትጠመጠምባታለች። ሂክስ የተባለው ወታደር ቆስሎም ተርፏል። ቢሾፕ የተባለው ሰው ሠራሽ ፍጡር ለሁለት ተቆርጦም ይናገራል። ሁሉም በእንቅልፍ ሣጥኖቻቸው ይተኛሉ። ልጅቷ ሕልም ማየት ይቻል እንደሆነ ትጠይቃለች። ሪፕሊ ይቻላል ትላታለች። ተመልካቹም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ። ዊቨር በዚህ ፊልም ለኦስካር ታጭታለች። ያኔ በሳይንስ ፊክሽንና በአክሽን ፊልም ለምርጥ ተዋናይት መታጨት እንግዳ ነገር ነበር።

ስድስት ዓመት ቆየና ሦስተኛው መጣ። የተዋንያኑ ስም በጥቁር ስክሪን ላይ እያለፈ፣ በመሃል በመሃል ቁርጥራጭ ምስል እናያለን። የተኙ ፊቶች፣ የሚሰነጠቅ መስተዋት፣ እሳት። ስሞቹ ሲያልቁ ማምለጫዋ መንኮራኩር ፊዩሪ 161 በሚባል የእስረኞች ፕላኔት ላይ ተከስክሳለች። ሂክስን ብረት ወግቶት ሞቷል። ኒውት በተኛችበት ሣጥን ውስጥ ውሃ ሰጥማ ሞታለች። አልነቃችም፤ አንዲት ቃል አልተናገረችም። የሁለት ሰዓት ከሩብ ትግል በጥቂት ደቂቃ ተሰረዘ።

እዚህ ላይ የራሴን ላስገባ። አዲስ አበባ ውስጥ ቪዲዮ ቤት እየገባ ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፣ ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት የሚባል ቅደም ተከተል ለእኛ አልነበረም። የተገኘው ካሴት ይታያል። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈውን ታነባለህ፣ ሳንቲምህን ትከፍላለህ፣ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተህ ትቀመጣለህ። እኔ ከእነዚህ ፊልሞች መጀመሪያ ያየሁት ሦስተኛውን ነው። ስለዚህ በመክፈቻው ላይ የሞተችው ልጅ ለእኔ ማንም አልነበረችም። አንዲት ያልታደለች ልጅ፣ በቃ። ፊልሙን ወደድኩት። እስር ቤቱን ወደድኩት፣ ጸሎተኞቹን ነፍሰ ገዳዮች ወደድኳቸው። በረጅሙ ኮሪደር ላይ ጭራቁ ጣሪያ ለጣሪያ ሲሮጥ ቤቱ ሙሉ ሲጮህ አብሬ ጮህኩ።

በቪዲዮ ቤት አንድ ሕግ ነበር። አክተሩ አይሞትም። ማንም ይሙት፣ አክተሩ ግን አይሞትም። በፊልሙ መጨረሻ ሪፕሊ እጆቿን ዘርግታ ወደሚንቀለቀለው ምድጃ ስትወድቅ ቤቱ ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ ከኋላ አንዱ «አልሞተችም፣ ክፍል አራት አለው» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሳቀ። ልጁ ከስቱዲዮው ቀድሞ ገብቶት ነበር፤ በ1997 በተሠራው አራተኛ ክፍል ሪፕሊን ከደሟ መልሰው አባዝተው አመጧት።

ኤሊየንስን ያየሁት ቆይቶ ነው፤ ቤት ውስጥ፣ ብቻዬን። ልጅቷ ከቱቦው ውስጥ ወጥታ ፊቷ ሲታይ አወቅኋት። ያቺ በሦስተኛው ፊልም የአስከሬን ጠረጴዛ ላይ የነበረችው ልጅ ናት! ከዚያ በኋላ ፊልሙን እንደማንኛውም ሰው ማየት አልቻልኩም። ሪፕሊ ልጅቷን ስታጥባት፣ አብራት ስትተኛ፣ ቃል ስትገባላት፣ እኔ መጨረሻውን አውቀዋለሁ። ወደ ጎሬው ስትወርድ ሌላው ሰው ወንበሩን ጨብጦ «ድረሺላት» ይላል። እኔ ግን «ምን አለፋሽ፣ የትም አትደርስ» ነበር የምለው። ምርጥ የሚባለው ያ ትዕይንት እኔ ዘንድ ሲደርስ ተበላሽቶ ነበር።

ኤሊየን 3ን በቅደም ተከተል ያዩት አድናቂዎች ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ኤሊየንስን አንዴ በንጹሕ ልብ አይተውት ነበር። ከ1992 በኋላ ግን ካሴቱን እንደገና ባስገቡት ቁጥር የልጅቷ ዕጣ አብሮ ይገባል። ተከታይ ክፍል ወደፊት ብቻ የሚሄድ ይመስለናል። ወደ ኋላም ይሄዳል። የምትወደውን ፊልም ከመደርደሪያህ አውርዶ መጨረሻውን ቀይሮ መልሶ ያስቀምጠዋል። ሳያስፈቅድህ።

ይህን ያደረገ ክፉ ሰው አለ ወይ? ኖሮ ቢሆን ነገሩ ይቀለን ነበር። የኤሊየን 3 አሠራር ታሪክ ከፊልሙ ያልተናነሰ አስፈሪ ነው። ስቱዲዮው ተከታይ ክፍል ይፈልጋል፣ ምን እንደሚሆን ግን አያውቅም። ደራሲ በደራሲ ላይ ተቀያየረ። ዊሊያም ጊብሰን፣ የሳይበርፐንክ ጌታው፣ አንድ ስክሪፕት ጻፈ። በእሱ ታሪክ ሪፕሊ አብዛኛውን ጊዜ ራሷን ስታ ትተኛለች፤ ጉዞውን የሚመሩት ሂክስና ቢሾፕ ናቸው። አልተሠራም። ዴቪድ ትዎሂ ታሪኩን ወደ እስር ቤት ወሰደው። ሪፕሊ ግን አልነበረችበትም። የስቱዲዮው አለቃ ያለ ሪፕሊ አይሆንም አለ። ቪንሰንት ዋርድ የሚባል የኒውዚላንድ ዳይሬክተር ደግሞ ከሁሉም የሚገርም ሐሳብ ይዞ መጣ። ከእንጨት የተሠራ ፕላኔት፣ በውስጡ የሚኖሩ መነኮሳት፣ ከሰማይ የወደቀች ሴት፣ መነኮሳቱ ሰይጣን ነው የሚሉት ጭራቅ። ይህን ሳነብ እንዴት እንደተቆጨሁ! ገዳም በጠፈር ላይ! የእኛ አገር ሰው ይህን ፊልም ከማንም በላይ ይረዳው ነበር ብዬ አስባለሁ። ዋርድም ሄደ። የተረፈው ሃይማኖቱ ነው፤ መነኮሳቱ እስረኞች ሆኑ፣ የእንጨቱ ፕላኔት የብረት ማቅለጫ ሆነ።

በዚህ ሁሉ መሃል የሚወጣበት ቀን ተቆርጧል። እንግሊዝ አገር ፓይንውድ ስቱዲዮ ውስጥ ዲኮሩ እየተሠራ ነው፣ ገንዘቡ እየፈሰሰ ነው፣ ስክሪፕቱ አላለቀም። ያኔ ዴቪድ ፊንቸርን ጠሩት። በሃያዎቹ መጨረሻ ላይ የነበረ፣ በሙዚቃ ክሊፕና በማስታወቂያ ስሙ የተጠራ፣ ፊልም ግን ሠርቶ የማያውቅ ልጅ። ያላለቀ ስክሪፕት አስይዘው ወደ ቀረጻ አስገቡት። በየቀኑ የሚቀየር ገጽ፣ በየቀኑ ከስቱዲዮው ጋር ጭቅጭቅ። መጨረሻው ላይ የራሱን ቅጂ እንኳ አልጨረሰም። በኋላ ስለ ፊልሙ ሲጠየቅ ከእኔ በላይ የሚጠላው ሰው የለም ብሏል። በ2003 ስቱዲዮው ግማሽ ሰዓት ያህል የሚረዝም ሌላ ቅጂ ሲያወጣ የሌሎቹ ክፍሎች ዳይሬክተሮች ሲሳተፉ እሱ አልመጣም። ይኸው ሰው ከኤሊየን 3 ሦስት ዓመት በኋላ «ሰቨን»ን ሠራ፤ ቀሪውን ታውቁታላችሁ።

ማስታወቂያውም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። በ1991 የወጣው የመጀመሪያው አጭር ማስታወቂያ ጭራቁ ወደ መሬት ሊመጣ ነው የሚያሰኝ ነበር። አድናቂው አንድ ዓመት ሙሉ ጭራቁ በከተማ መሃል ሲሮጥ እያለመ ቆየ። ከዚያ ሲኒማ ቤት ገብቶ ያገኘው መሣሪያ የሌለበት ጨለማ እስር ቤት ነው። መሬት የለም፣ ወታደር የለም፣ ኒውት የለችም። በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ኤሊየንስ 85 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲያስገባ ኤሊየን 3 በ55 ሚሊዮን አካባቢ ቀረ።

ልጅቷን ለምን ገደሏት ታዲያ? እንደሚገባኝ መልሱ ቀላል ነው፤ ምን እንደሚያደርጓት አላወቁም። ሪፕሊ እናት ሆና ታሪኩ ተዘግቷል። እናት የሆነች ሪፕሊ ልጇን ትታ ጭራቅ ልትገጥም አትሄድም። ሪፕሊን እንደገና ብቻዋን ማድረግ ነበረባቸው። ልጅቷ ደግሞ አድጋለች፤ በ1986 ሕፃን የነበረችው ተዋናይት በ1991 ወጣት ሆናለች፣ ታሪኩ ግን አንድም ዓመት አላለፈውም። ስለዚህ አጭሩን መንገድ መረጡ። የሂክስ ነገር እንዲያውም ያስቃል። ተዋናዩ ማይክል ቢን በፊልሙ ውስጥ የለም። ፎቶው ብቻ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ይታያል። ለፎቶው ከፍለውታል።

የሳይንስ ፊክሽን ተመልካች ላይ ደግሞ ሌላ ቁስል አለ። ይህ ዓይነት ፊልም ሕግ ያስጠናሃል። የጭራቁ ደም አሲድ ነው። ከእንቁላል ፊት ላይ የሚጣበቀው ይወጣል፣ እሱ ሰው ሆድ ውስጥ ይዘራል፣ ከደረት ይወለዳል። እንቁላል የምትጥለው ንግሥቲቱ ናት፣ የምትጥለውም ከኋላዋ በተንጠለጠለው ትልቅ ከረጢት ነው። ሪፕሊን ለማሳደድ ስትነሳ ያንን ከረጢት ቆርጣ ጥላው መጥታለች። ይህን ሁሉ አይተናል። ኤሊየን 3 ሲከፈት መርከቡ ውስጥ እንቁላል አለ። ከየት መጣ? ፊልሙ አይነግረንም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰዎች መላ ምት ሲፈጥሩ ኖሩ። አንዱ ንግሥቲቱ ስትደበቅ ጣለችው ይላል፣ ሌላው ቢሾፕ አስገባው ይላል። የእኔ መላ ምት የስቱዲዮው አካውንታንት አስገባው የሚል ነው።

ሳቁን ትተን፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ተመልካቹ ሕጉን ያጠናው ፊልሙን አምኖ ነው። ሕጉ ሲጣስ የልጅቷ ሞት አደጋ መሆኑ ይቀርና የጸሐፊ ትእዛዝ ይሆናል። ሰው በአደጋ ያዝናል፣ በትእዛዝ ይናደዳል።

«ታዲያ ኤሊየንስስ የመጀመሪያውን ፊልም አልነካም?» የሚል ይኖራል። ነክቷል። በ1979ኙ ፊልም አንድ ጭራቅ ብቻ ነበር፣ ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ የሚያስፈራውም ለዚህ ነው። ካሜሮን መቶ አደረጋቸው፣ በጥይት የሚሞቱ አደረጋቸው፣ እንደ ንብ ቀፎ ንግሥት ሰጣቸው። የሪድሊ ስኮት ፊልም ወዳጆች አንዳንዶቹ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላሉም፤ እኔም ቢሆን ጭራቁ ትንሽ ረክሷል ባይ ነኝ። ግን ካሜሮን የወሰደውን ያህል ሰጥቷል። ሪፕሊ በመጀመሪያው ፊልም የተረፈች ሴት ብቻ ነበረች። በሁለተኛው ስም፣ ቁስልና ልጅ አላት። ከኤሊየንስ በኋላ የመጀመሪያውን መልሰህ ስታይ ሪፕሊን ይበልጥ ትወዳታለህ። ወደ ኋላ መሄድ ይህም ሊሆን ይችላል።

ኤሊየን 3ም እኮ ጨርሶ ልበ ደረቅ አይደለም። የሚናደዱት ሰዎች ይህን ይዘሉታል። ሪፕሊ ከነቃች በኋላ ብዙም ሳትቆይ አስከሬኑ ወዳለበት ትሄዳለች። ኮሌራ ነው ብላ ዋሽታ ልጅቷ ተከፍታ እንድትመረመር ታደርጋለች። ሐኪሙ ሲቆርጥ ፊቷን እያየን ድምፁን እንሰማለን። ከዚያ ቀብር አለ። አስከሬኖቹ ወደ ምድጃው ሲወርዱ ዲሎን የሚባለው እስረኛ ስለ ሞትና ስለ አዲስ ሕይወት ይናገራል፣ በዚያው ቅጽበት ሌላ ቦታ ጭራቁ ይወለዳል። ከሁሉም የኤሊየን ፊልሞች ውስጥ ይህን የመሰለ የሐዘን ትዕይንት የለም። ፊንቸር ልጅቷን አልናቃትም። ፊልሙ በሙሉ የአንዲት እናት ለቅሶ ነው ብሎ ማየት ይቻላል፤ እኔ እንደዚያ ነው የማየው።

ይህ ግን አድናቂውን አያጽናናውም። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ሟቹ እንዴት እንደሞተ ማወቅ ይፈልጋል። «እንዴት?» ሲል «ስክሪፕቱ እንደዚያ ስለፈለገ» ከተባለ አያለቅስም፤ ተነስቶ ይሄዳል።

አሁን ወደሚገርመኝ ነገር ልምጣ። በዚህ ጉዳይ ከተቆጡት ሰዎች አንዱ ራሱ ካሜሮን ነበር። ኒውትና ሂክስ እንደዚያ መገደላቸው አድናቂዎችን መናቅ እንደሆነ በተደጋጋሚ ተናግሯል። በፊንቸር ችሎታ ላይ ቅሬታ የለውም። በውሳኔው ላይ ግን አለው። ይኸው ሰው በ2019 በወጣው «ተርሚኔተር፦ ዳርክ ፌት» ላይ ፕሮዲዩሰርም የታሪኩ ጸሐፊዎች ተባባሪም ነበር። ፊልሙ እንዴት እንደሚጀምር ታስታውሳላችሁ? 1998፣ ጓቲማላ፣ የባሕር ዳርቻ። ሣራ ኮነርና ልጇ ጆን ተቀምጠዋል። አንድ ተርሚኔተር (ከወደፊቱ ዘመን የተላከ ገዳይ ሮቦት) ይመጣል፣ ጆንን ተኩሶ ይገድለዋል፣ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ከመክፈቻው ላይ።

ጆን ኮነር እኮ ነው! በ1984 የተጀመረው ታሪክ በሙሉ የእሱን ነፍስ ለማዳን ነው። በ1991 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ሽዋዘኔገር ወደ ቀለጠው ብረት የወረደው ለእሱ ነው። በቪዲዮ ቤት ታዳጊዎች እንባቸውን ደብቀው የወጡበት ብቸኛው አክሽን ፊልም ያ ነበር። ዳርክ ፌት ያንን ሁሉ በአንድ ተኩስ ዘጋው፤ በጆን ቦታ ሌላ ሰው፣ በስካይኔት ቦታ ሊጅን የሚባል ሌላ ማሽን አስቀመጠ። ታሪኩ ግን ያው ነው። ሊንዳ ሃሚልተንን መልሶ ማምጣቱ እንኳ አላዳነውም፤ እሷ ግን ግሩም ነበረች።

ስለ ሌላ ሰው ፊልም ትክክለኛውን ነገር ያየ ሰው በራሱ ላይ እንዴት ሳያየው ቀረ? የምገምተው አለኝ። ከውስጥ ስታየው ጉዳዩ የታሪክ ችግር ነው። ጆን ካለ አዲስ ታሪክ አይጀመርም፤ ኒውት ካለች ሪፕሊ አትዋጋም። ጸሐፊዎቹ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲያወሩ እንቅፋቱን ማንሳት ብልኅነት ይመስላል፣ ድፍረትም ይመስላል። «ማንም ያልጠበቀው ነገር!» ይባላል። ከውጭ ያለው ሰው ግን ያንን እንቅፋት ለብዙ ዓመት ሲወደው ኖሯል።

ገንዘቡም ብዙ አይነግረንም። ዳርክ ፌት ከ180 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት በመላው ዓለም 260 ሚሊዮን ገደማ አስገባ። ሲኒማ ቤቶቹ ድርሻቸውን ሲወስዱ ይህ ኪሳራ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የወጣው «ብሌድ ራነር 2049»ም ያስገባው ገንዘብ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ እሱም ከሰረ ተብሏል። የዛሬ አድናቂ ስለ ሁለቱ የሚያወራው ግን በፍጹም አይገናኝም።

ብሌድ ራነር 2049 ከመጀመሪያው ፊልም 35 ዓመት በኋላ ነው የመጣው። ዴኒ ቪልኔቭ ነው የሠራው። ልብ በሉ፤ እዚያም የምንወዳት ሰው ሞታለች። በ1982ቱ ፊልም መጨረሻ ፍቅረኛሞቹ ዴካርድና ሬቸል አብረው ሸሽተው ነበር። ሁለተኛው ሲጀምር ሬቸል በደረቀ ዛፍ ሥር የተቀበረ አጥንት ናት። እንደ ኒውት ከስክሪን ውጭ ነው የሞተችው። ታዲያ ማንም አልተናደደም! ምክንያቱም ሞቷ የታሪኩ ጥያቄ ነው። ስትወልድ እንደሞተች እናውቃለን፣ ማንን ወለደች እያልን ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው እንከተላለን። የመጀመሪያው ፊልም ፍቅር ትርጉም ስላለው ነው ሁለተኛው የተጀመረው።

በዚያ ፊልም ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ፣ ባየሁት ቁጥር ስለ ተከታይ ክፍሎች የተጻፈ ይመስለኛል። ሀብታሙ ዋላስ ያረጀውን ዴካርድን ሊያባብለው ይፈልጋል። ስለዚህ ሬቸልን አስመስሎ እንደገና ይሠራለታል። ያው ፊት፣ ያው ጸጉር፣ ያው አለባበስ። ሴትዮዋ ከጨለማው ወጥታ ትመጣለች። ዴካርድ ለረጅም ጊዜ ያያታል። ከዚያ ዓይኖቿ አረንጓዴ ነበሩ ብሎ ፊቱን ያዞራል። ስቱዲዮዎች በየዓመቱ ያንን ያደርጉብናል፤ የምንወደውን ፊት አስመስለው ሠርተው ፊታችን ያቆማሉ። አድናቂን «ሁሌም ታማርራለህ» የሚሉ ሰዎች ይህን ትዕይንት ቢያዩት ደስ ይለኛል።

እርግጥ አድናቂም ጻድቅ አይደለም። አንዳንዱ ያንኑ ፊልም ደግመህ ስጠኝ ነው የሚለው። ተዋናይ ላይ ስድብ የሚያዘንብም አለ፤ ለእሱ ጊዜ የለኝም።

የኤሊየን ነገር ከዚያ በኋላ የሄደበት መንገድ ግን ሳያስገርመኝ አይቀርም። በ2015 ኒል ብሎምካምፕ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ዳይሬክተር ሦስተኛውንና አራተኛውን ትቶ ከኤሊየንስ የሚቀጥል ፊልም ሊሠራ ተነስቶ ነበር። ሪፕሊና ሂክስ በሥዕል ታዩ፤ አድናቂው ጮቤ ረገጠ። ፊልሙ ሳይሠራ ቀረ። በ2019 የጊብሰን ስክሪፕት በድምፅ ድራማ ወጣ፤ ማይክል ቢንና ላንስ ሄንሪክሰን ራሳቸው ሂክስንና ቢሾፕን ሆነው ተጫወቱ። ሠላሳ ዓመት ገደማ የተጣለ ወረቀት ነበር እኮ።

ሌሎቹስ? ጭራቁን ከ«ፕሬዴተር» ፊልሞች ፍጡር ጋር ያጋጠሙትን ትተን፣ በ2012 «ፕሮሚቲየስ»፣ በ2017 «ኮቨናንት»፣ በ2024 «ሮሙለስ»፣ በ2025 ደግሞ «ኤሊየን፦ ኧርዝ» የሚባለው ተከታታይ ድራማ። ታሪካቸው የሚፈጸምበትን ዘመን ተመልከቱ። ሁሉም ከኤሊየንስ በፊት ነው። አንዱም የልጅቷን ሣጥን አልፎ አይሄድም። ከ1997ቱ አራተኛ ክፍል ወዲህ ወደፊት የደፈረ የለም። መሬት ላይ ጭራቅ እናሳያለን የተባለው ቃል እንኳ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በቴሌቪዥን ሲፈጸም፣ ከመጀመሪያው ፊልም ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው የተፈጸመው።

እነዚህን ፊልሞች አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ቅደም ተከተሉን የሚያስተካክል ዝርዝር በየቦታው ታገኛላችሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እኔ ግን ሦስተኛውን መጀመሪያ እዩት እላለሁ፤ በተለይ የ2003ቱን ረጅም ቅጂ። ጥሩ ፊልም ነው፣ ልጅቷን ሳታውቋት ካያችሁት በእውነት ጥሩ ፊልም ነው። ከዚያ ሁለተኛውን ክፈቱ። ሪፕሊ ወደ ጎሬው ስትወርድ ምን እንደተሰማችሁ ጻፉልኝ።